ጆሮው የሾለ ጅብ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ አላውቅም። ሰው አልተነከሰም፤ በግ አልተበላም። አንድ አውሬ ከሰፈራችን ጀርባ አለፈ፤ አንድ ሽማግሌ አዩት፤ ይኸው ነው። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። ግን በእነዚያ ሳምንታት ስለዚያ አውሬ ለተለያዩ ሰዎች የተለያየ ነገር ተናግሬአለሁ፤ ሁሉንም ያልኩት ሰው ላለማስቀየም ነበር። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያስነሳኝና የሚያስቀምጠኝ።

የምንኖረው ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ የሚባል ሰፈር ነው፤ እናቴ፣ የእናቴ አባትና እኔ። አያቴን ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። ከሕንፃዎቹ ጀርባ፣ ደረቁ ወንዝ አጠገብ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተከፋፍለው የሚያለሙት መሬት አለ። አባባ እዚያ ጎመንና ቃሪያ አላቸው። ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን ይሄዳሉ። ከጎንደር እዚህ አገር ከመጡ ወዲህ ማንንም ሳይጠይቁ፣ ማንም ሳያስተረጉምላቸው የሚያደርጉት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በበጋው ግን አውቶቡስ ተሳስተው ራሞት የሚባል ሌላ ሰፈር ወርደው፣ በማያውቁት መንገድ ሲዞሩ ተገኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ፈራች። ሆስፒታል በጽዳት ስለምትሠራ ቀን ቤት የለችም። ለአረጋውያን የሚሰጠውን እርዳታ ጠየቀች። አንዲት ገምጋሚ ቤት ድረስ መጥታ፣ አባባ ብቻቸውን መውጣት ይችሉ እንደሆነ አይታ እንደምትወስን ተነገራት።

ሥነ ሕይወት ልማር ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አባባ ከመሬታቸው ቶሎ ተመለሱ። ጫማቸውን ሳያወልቁ በሩን ከውስጥ ቆለፉ።

«ምን ሆኑ አባባ?»

«ጅብ አየሁ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለማንም እንዳትነግሪ።»

እናቴ ከሥራ ስትገባ በሩ ለምን እንደተቆለፈ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«ማ ፒትኦም!» አለች፤ «ምን ሲደረግ!» እንደማለት ነው፤ ስትደነግጥ ዕብራይስጧ ይቀድማል። «የምን ጅብ? ቤርሼቫ መሀል?» ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጎንደር ነው የሚታያቸው። ሐሳባቸው ወደዚያ እየተመለሰ ነው።»

በማግስቱ ለገምጋሚዋ ደውላ ይህንኑ ነገረቻት።

ሴትዮዋ ስትመጣ እናቴ ሥራ ላይ ነበረች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ስለ እድሜያቸው፣ ስለ መድኃኒታቸው ጠየቀች፤ ሁሉንም በደንብ መለሱ። ከዚያ «ልጅዎ ጅብ አይተዋል ብላናለች፤ እውነት ነው?» አለች።

አባባ እኔን አላዩኝም። «ውሻ ነው። እኔ ጅብ የሚባል አላየሁም።»

ተረጎምኩ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ደግ ነበር፤ የከፋውም እሱ ነው። «ላንቺስ ምን አሉሽ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ስጠየቅ መልስ ሳልሰጥ ማለፍ አይሆንልኝም። «አንዳንዴ ጅብ ይላሉ» አልኳት። ያሉት አንድ ቀን ብቻ ነበር። እሷም ጻፈች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሳ እስክታያቸው ድረስ ብቻቸውን ባይወጡ እንደሚሻል ነገረችን።

አባባ አልተቆጡኝም። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ወደ መሬታቸው ማየት ጀመሩ። ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ጎመኑን አጠጪልኝ።»

በየጠዋቱ ከትምህርት በፊት አጠጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ያጠጣሁት እርጥብ አፈር ላይ ዱካ አየሁ። የፊተኛው እግር ከኋለኛው ይበልጣል። እስክሪብቶዬን አጠገቡ አስቀምጬ ፎቶ አነሳሁት። ስለ ዱካ ሳነብ አደርኩ፤ ውሻ እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። ፎቶውን ለላቦራቶሪ አስተማሪያችን አሳየሁት። በቆመበት አየት አድርጎ «ውሻ ነው፤ ትልቅ ውሻ» አለኝ።

«ልክ ነህ» አልኩት።

ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡሱ ባዶ ወንበር ሞልቶታል፤ እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። እስከ ሰፈራችን ቆሜ ሄድኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ለሴትዮዋ ለምን ውሻ ነው አሏት?»

ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ለጎረቤቶቻቸው ማረሻውን፣ ማጭዱን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ጎረቤቶቹ ግን ቡዳ ናቸው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይሏቸው ነበር። አንድ ጊዜ ጅብ የሰው አህያ በላ። ባለቤቱ ጅቡን እግሩ ላይ በጦር ወጋው። በዚያው ሳምንት የአባታቸው እግር ላይ የጋለ ብረት ወድቆ ያነክሱ ነበር።

«ሲያነክስ አዩት» አሉ አባባ። «ሌላ ማስረጃ አልፈለጉም። በሦስተኛው ቀን ቤታችንን ጥለን ወጣን። እና አሁን፣ ወረቀት ይዛ ለመጣች ሴት፣ ቤቴ ደጃፍ ጅብ ይመጣል ብዬ በገዛ አፌ ላስጽፍ?»

«ግን አባባ፣ እውነት ጅብ ነበር?»

«እኔንም የሚያምታታኝ እሱ ነው። ያገራችን ጅብ ጆሮው ክብ ነው፤ ገላው ነጠብጣብ ነው። ይሄ ጆሮው ሾሏል። ጎኑና እግሩ ላይ ጥቁር መስመር አለው፤ ጀርባው ላይ እንደ ፈረስ ጋማ። ደግሞ አይጮህም። አካሄዱ ግን፣ ከፊት ከፍ ከኋላ ዝቅ ያለው፣ የጅብ ነው። እሱን አልስተውም።»

ከወንበሬ ተነሳሁ። የአባባ ሐሳብ ወደ ጎንደር ተመልሶ ቢሆን የሚያመጣው የጎንደርን ጅብ ነበር፤ ክብ ጆሮ ያለውን፣ ነጠብጣቡን። እሳቸው ግን የነገሩኝ በልጅነታቸው አይተውት ስለማያውቁት አውሬ ነው። ይህን ከትዝታ ሊያመጡት አይችሉም። ማታ ሰንበት ሲወጣ ስልኬን ከፍቼ በዚህ አገር የሚኖረውን ጅብ ምስል አሳየኋቸው።

«ይኸው!» አሉ፤ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኔ እንዳለሁ አልሰማም እንዴ?» ከበጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እሑድ እዚህ የትምህርት ቀን ነው፤ አስተማሪውን በር ላይ ጠበቅሁት። «ባለፈው ልክ ነህ ያልኩህ ውሸቴን ነው» አልኩት። ጆሮውን፣ መስመሩን፣ ጋማውን ዘረዘርኩለት። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። «ይህን ማን ነገረሽ?»

በዚያው ሳምንት ወደ አባባ መሬት መጥቶ አጥሩ እንጨት ላይ በራሱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አሰረ። በአምስተኛው ቀን ንጋት ላይ የተነሳው ፎቶ ምንም አያጠራጥርም፤ ሹል ጆሮ፣ ጥቁር መስመር፣ የቆመ ጋማ።

እናቴ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። «ስለዚህ ጤነኛ ናቸው» አለች በቀስታ። ወዲያው ደግሞ ብድግ አለች። «እንዴ! እውነተኛ ጅብ ካለማ ጭራሽ አይሄዱም!»

«አንቺ ልጅ» አሉ አባባ፣ «ጅብ የለም ተብዬ ታሰርኩ፤ አሁን ደግሞ ጅብ አለ ተብዬ ልታሰር? አንዱን ምረጪ።»

እናቴ መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቀች።

ገምጋሚዋ ስትመለስ እናቴም ከሥራ ቀርታ ነበር። ፎቶውን አሳትሜ በእጄ ይዣለሁ። ገና ሳትቀመጥ ልሰጣት ስል አባባ ክንዴን ያዙኝ።

«አስቀምጪው። መጀመሪያ እኔ ልናገር።»

ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ጅብ አይቻለሁ። ባለፈው ውሻ ነው ያልኩሽ ፈርቼ ነው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ አልጨመርኩም፣ አላለዘብኩም። ምን እንዳስፈራቸው ጠየቀች። የአባታቸውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሯት። ሁለት ጊዜ መተርጎም አቅቶኝ ቆምኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠበቁኝ። እናቴም ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደነበር ከፊቷ አየሁ። ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አዳመጠች። ፎቶውን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚያ የቀሩትን ጥያቄዎች ቀጠለች። እኔም የባለፈውን መልሴን አረምኩላት፦ «አንዳንዴ ያልኩሽ ስሕተት ነው። አንድ ቀን ነው የነገሩኝ፤ የነገሩኝም እውነት ነው።» ራሷን ነቀነቀች። የመጨረሻው ጥያቄዋ ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ ነበር። አባባ እኔ እስክተረጉም አልጠበቁም፤ በራሳቸው ዕብራይስጥ መለሱላት። እሷም ብቻቸውን መውጣት ይችላሉ ብላ ጽፋ፣ ከፊርማዋ በታች እሳቸው የነገሯትን ቀን አሰፈረች፦ የሐኑካ በዓል አራተኛ ቀን፣ በዕብራይስጥ አቆጣጠር ኪስሌቭ ሃያ ስምንት።