ቅኔ ቤት የተማሩት የእንግሊዝኛ መምህራችን

እስቲ ይህችን ስሙኝ። ቡሬ ዘጠነኛ ክፍል ስማር የእንግሊዝኛ መምህራችን ድሮ የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ቅኔ ቤት ግስ እንደሚጠናው፣ እንግሊዝኛውንም ከሥሩ እያነሱ በጩኸት ያስጠኑን ነበር።

“ፖርት ማለት መሸከም ነው። በሉ፣ የዚህን ቃል ልጆች ጥሩልኝ!”

“ኢምፖርት! ኤክስፖርት! ትራንስፖርት!” እያልን ክፍሉን እናናጋዋለን። የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ በመምህር ፈንታ የሚያስተምር ፕላዝማ የሚሉት ቴሌቪዥን መጣ። ውስጡ ያለው ሰውዬ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ ቆም በል ብትለው አይሰማህ። መምህራችን እሱን አጥፍተው ሲያስጠኑን ተገኙና አለቆች ሽንዲ ወደምትባል ሌላ ከተማ አዛወሯቸው።

ሲሰናበቱኝ፣ “ልጄ፣ ሥሩን እንዳትተው” አሉኝ።

“የኔታ፣ ብቻዬን እንዴት አድርጌ?” አልኳቸው።

አሥረኛ ክፍል ላይ ወደቅኩ፤ ትምህርቴም እዚያው ቀረ። እሳቸውን ያዛወራችሁ አለቆች፣ ያ ቴሌቪዥን “አልገባኝም” ላለ ልጅ መቼ መልሶ ያውቃል?