አንጓዋን ሰጠችኝ

ዛሬ ጠዋት አንድ ማዳበሪያ ከሰል ከባጃጅ አውርጄ ስፈታ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩ ደረሱ። «እጄ ከሰል ነው» አልኩና ለሰላምታ የእጄን አንጓ ዘረጋሁላቸው። ያን ጊዜ ስንታየሁ ትዝ አለችኝ።

ቆሰበር ከተማ አራተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን በየጠዋቱ፣ ትምህርት ሳይጀመር፣ ክብ ሠርተን እንድንቆም ያደርጉን ነበር። ሁሉም በቀኙ የቆመውን በስሙ ጠርቶ ይጨብጥና እንዴት እንዳደረ ይጠይቃል። በቀኜ የምትቆመው ስንታየሁ ነበረች። ወላጆቿ በዘንገና ሐይቅ በኩል ከሰል ያከስሉ ስለነበር ጭስ ጭስ ትሸታለች፤ የመዳፏም መስመር ጥቁር ነው። አንድ ጠዋት አዲስ ሹራብ ለብሼ ነበርና እጅጌውን እስከ ጣቶቼ ጫፍ ስቤ በሹራቡ ጨበጥኳት። ልጆቹ ሳቁ።

መምህራችን አልተቆጡኝም። «ከሰልስ በውሃ ይለቃል፣ ልጄ» አሉኝ። ስንታየሁ እንድትታጠብ መናገራቸው መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ታጥባ መጣች። ጣቶቿ ከቀዝቃዛው ውሃ የተነሳ ቀልተዋል፤ ጥፍሯ ሳይቀር ጠርቷል። ደስ ብሎኝ እጄን ዘረጋሁላት። እሷ ግን ያን የታጠበ እጇን ጨብጣ አንጓዋን ሰጠችኝ። እስከ ሰኔ ድረስ፣ በቀኟ ለሚቆመው ልጅ መዳፏን እየሰጠች፣ ለእኔ አንጓዋን ብቻ። አንድም ጠዋት ይቅርታ አላልኳትም። በመስከረም አልተመለሰችም።

እትዬ ጥሩ ሲሄዱ እጄን ታጠብኩ። ከሰሉ በአንድ ውሃ ለቀቀ።