አምቡላ የሚወድ ቢራቢሮ

ጭሮ ውስጥ ስለ ቢራቢሮ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ተፎካካሪ ስለሌለኝ አይደለም፤ ቢኖርም እረታዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀለም የቆጠርኩት በራሴ ነው፤ ቢራቢሮ ማየትንም ማንም አላስተማረኝም። የገለምሶንና የበደሳን ጫካ በእግሬ አዳርሻለሁ።

ከሁሉ የምወደው፣ አበባን ዞር ብሎ የማያይ የጫካ ቢራቢሮ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ጠርዙ ግን ፍም ይመስላል። ሲያጥፈው ገበሩ በነጭ ክር የተዘመዘመ ነው። ከኋላ በእያንዳንዱ ክንፍ ሁለት ሁለት ቀጫጭን ጭራ አለው። የበሰበሰ ፍሬ ይወዳል፤ ከሁሉም በላይ የጠጅ አምቡላ።

ይህን ያወቅሁት በባለቤቴ ጠጅ ቤት ነው። አምቡላውን ከጓሮው ወይራ ሥር ትደፋው ነበር። ቀትር ላይ ቢራቢሮው ከተራራው ጫካ ይወርድና የተጠቀለለ ምላሱን ዘርግቶ ይጠጣል። ጠጪዎቹ "ይሄስ ከእኛም ይብሳል!" እያሉ ይስቃሉ። እሷ ደግሞ ትጣራለች፦ "ና፣ እንግዳህ መጥቷል!" መቀሴን ጥዬ እሮጥ ነበር።

ዛሬ ተራራው ጫት ሆኗል፤ በየጊዜው የተባይ መድኃኒት ይረጭበታል። የጓሮው ወይራ ተቆርጧል። እሷም የለችም። አምና በሙት ዓመቷ ዕለት፣ ጽድና ወይራ በተረፈበት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ አንድ ነገር ጆሮዬን ሽው ብሎ አለፈ። አበራሩ የእሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ ሲጠጣ አንድ ጊዜ ለማየት ስመኝ ኖርኩ።

ባለፈው ሳምንት አምቡላ በጠርሙስ ይዤ ሄድኩ። ከመቃብሯ አጠገብ ያለውን የወይራ ግንድ መቀባት ስጀምር የግቢው ዘበኛ ከኋላዬ ጮኸ።

"አቦ! ምን እያደረጉ ነው? እዚህ ግቢ ውስጥ አድባር ሊያመልኩ?"

"አድባር የሚቀባው ቅቤ ነው። ይሄ አምቡላ ነው።"

"ይባስ ብሎ! ለዛፍ ጠጅ?"

"ለቢራቢሮ ነው።"

ጠርሙሱን አሸተተ። "እርስዎስ ስንት ብርሌ ጠጥተው መጡ?"

"ቁጭ ብለህ ጠብቅ። ጠርዙ ፍም የሚመስል ቢራቢሮ ይመጣል። ካልመጣ ግንዱን በእጄ አጥባለሁ።"

ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዝንብ መጣ፤ ንብ መጣ። ዘበኛው ሳቀብኝ። ፀሐይዋ ወደ እኛ ስትዞር፣ ሐኪም ሞራ አለበት ያለው ዓይኔ ጭጋግ ለበሰ። ድንገት ዘበኛው ክንዴን ያዘኝ።

"አቦ፣ መጣ!"

"የት?"

"ይኸው ግንዱ ላይ! አያዩትም እንዴ?"

ለእኔ ግንዱ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። "ንገረኝ፣ ምን ያደርጋል?"

"እየጠጣ ነው። ደግሞ ጭራ አለው... በዚህ ሁለት፣ በዚያም ሁለት።"

ስለ ጭራው አልነገርኩትም ነበር። እሱ ራሱ ነው! ከፊቴ፣ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። ያ ከጓሮ የሚጣራ ድምፅ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ዘበኛው "ሄደ" እስኪለኝ ድረስ አልተነቃነቅኩም።

"ግንዱን አላጥብም" አልኩት። "ረትቻለሁ።"

"ረትተዋል፣ አቦ። ነገስ ይመጣሉ?"

"እመጣለሁ። አንተ ግን ከአጠገቤ እንዳትርቅ።"