የጌሾው ጌታ በእናቴ ተዝካር

ነገሩ የሆነው ዓምና ጥር ላይ ነው። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ስለከፋኝ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ስለሚያስቀኝም ነው።

የምንኖረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ማንበብ የለመድኩት ልጆቼ ሲያነቡ እያየሁ ነው። “ሞኖፖል” የሚሉትን ቃል በሬዲዮ እሰማው ነበር። ትርጉሙን ያስተማረኝ ግን አቶ ይበልጣል ነው።

አቶ ይበልጣል ነጋዴ ነው። በዚያ ዓመት በየጓሮው እየዞረ ጌሾውን ሳይቆረጥ ገዛ። ገበያ የወጣችውንም አላለፋት። መጋዘኑን ሞልቶ ቆለፈና ጥርን መጠበቅ ያዘ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ሠርግ ያለ ጠላ፣ ጠላም ያለ ጌሾ የለም።

እኔ ደግሞ የእናቴ ተዝካር ደረሰብኝ። በኛ አገር ለእናቷ ተዝካር ጠላ ያላቀረበች ሴት እስከ ልጅ ልጇ በሐሜት ስትነሳ ትኖራለች። ነጠላዬን አጣፍቼ ደጁ ሄድኩ።

“ለነፍስ ነውና ይዘኑልኝ” አልኩት።

ከወንበሩ ሳይነሳ ዋጋውን ጠራ። ጆሮዬን ያዝኩ።

“ካልተስማማሽ ከሌላ ግዢ፤ ማን ከለከለሽ?” አለና ሳቀ።

ሌላ እንደሌለ እሱው እያወቀ! ሞኖፖል ማለት ይኸው ነው፤ በሩን ሁሉ ዘግቶ “በፈለግሽው ግቢ” ማለት።

እያለቀስኩ ስመለስ ጎረቤቴ እማሆይ ጥሩወርቅ አገኙኝ። ነገርኳቸው።

“ምን ያስለቅስሻል? የጓሮውን ገዛ እንጂ የጓዳውን መች ገዛ!” አሉ።

እውነታቸውን ነው። የኛ አገር ሴት ጌሾዋን ብትሸጥም ለክፉ ቀን ብላ ጥቂቱን ጓዳዋ ውስጥ ታንጠለጥላለች። ወንድ ይህን ልብ አይለውም። በማግስቱ ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። አንዷ እፍኝ፣ አንዷ ጭብጥ። የአንዷማ ጥላሸት የጠጣ ነበር። ወቀጥነው፣ ጠነሰስነው። ጠላው ግሩም ሆነ።

የተዝካሩ ዕለት አቶ ይበልጣል ካባውን ደርቦ ከች አለ! ተዝካር የመጣ ሰው አይመለስም፤ አስቀመጥነው። ጠላውን ሲቀምስ ፊቱ ተለዋወጠ።

“ጌሾውን ከየት አመጣሽው?” አለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

እኔ አፌን ሳልከፍት እማሆይ ቀደሙኝ።

“ይበልጣል ልጄ፣ ይቺንም ለብቻህ ልትይዛት ነው? ዝም ብለህ ጠጣ። የድሃ እፍኝ ነው፤ አይሸጥም።”

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እናቴም በሕይወቷ ሳቂታ ነበረችና አትቀየመንም።

እሱ ግን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጨለጠና ዋንጫውን እንደገና ዘረጋ። ቀዳሁለት።

ዛሬ ሞኖፖል የሰፈራችን ቃል ሆኗል። ማኅበር ላይ ወሬውን ለብቻዋ የያዘችውን “አንቺ፣ ሞኖፖል አታድርጊው!” እንላታለን። አቶ ይበልጣልን መንገድ ላይ ሳገኘው እጅ ነስቼ ሰላም እለዋለሁ። መጋዘን ሙሉ ጌሾ ቆልፎ፣ የጎረቤት እፍኝ ሲጠጣ የዋለ ሰው አሳዘነኝ ብል እዋሻለሁ። ሳቄን ለመደበቅ ነው አንገቴን የምደፋው።