የእህቴ ልጅ ሁለት ጠባሳ

እኔና ታናሽ እህቴ በአንድ ክረምት ወለድን፤ እኔ ወንድ፣ እሷ ሴት። በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ጎፋ ያኔ አብዛኛው እርሻ ነበር፤ የእሷንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የጎመን መደብ ብቻ ነው። የእኔ ባል የአባቱን መሬት ያርሳል። የእሷ ባል ፋብሪካ ስለገባ ቤተሰቡ እዚያው ክሊኒክ ይታከማል።

ከልጅነታችን ጀምሮ ጥሩ ነገር ለእሷ ይቀድማል። አባታችን ከገበያ ሸንኮራ ሲያመጣ ጣፋጩ ወገብ የእሷ፣ ጫፉ የእኔ ነበር። ትዳር ስይዝ ይሄ ሁሉ የወጣልኝ መስሎኝ ነበር።

የፈንጣጣ ከታቢዎች ሰፈራችን መጥተው የሁለቱንም ልጆች ክንድ ጫር ጫር አደረጉ። ቆሰለ፣ ደረቀ፣ ጠባሳ ሆነ። እስከዚያ እኩል ነበርን። ከዚያ የእህቴ ባል ልጃቸውን ክሊኒክ ወስዶ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ አስወጋት። በሌላኛው ክንዷ ሁለተኛ ጠባሳ አወጣች።

እህቴ የእኔንም ልጅ ይዘን እንሂድ አለች። ሄድን። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ «የሠራተኛ ልጅ ብቻ ነው» ብሎ መለሰን። እሷ ትለምነዋለች፤ እኔ ልጄን አዝዬ ቆሜአለሁ። መመለሱ ሳይሆን እሷ ስትለምንልኝ ማየቱ አንገበገበኝ።

በጋው ሲያልቅ ኩፍኝ ገባ። ልጆቻችን ያኔ ግድግዳ ይዘው ለመቆም ይሞክሩ ነበር። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ወደቁ። የእህቴ ልጅ አተኮሳት፣ ሽፍታው ወረሳት፣ ትንሽ ሰንብታ ጡት ፈለገች። የእኔ ሽፍታው ከጠፋለት በኋላ ደረቱን ያዘው። መተንፈስ እያቃተው ሞተ።

ለቅሶው ላይ እህቴ ከጎኔ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ከማዶ የልጇ ድምፅ ሲሰማ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ልታጠባ። የእኔም ጡት ቀሚሴን አርሶታል። እንደዚያን ዕለት በማንም ቀንቼ አላውቅም።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ጠየቅኳት።

«ሲስተር፣ የእህቴን ልጅ ያዳናት ያ መርፌ ነው?»

«እሱ የሳንባ ነው። የኩፍኝ አይደለም።»

«የፈንጣጣውና የሳንባው ሲገናኙስ? እሷ ሁለቱም አላት። የእኔ አንዱ ብቻ ነበረው።»

«ተገናኝተው አንድ ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርጉ እኔ አላውቅም» አለችኝ። «ወንድ ልጅሽ ቢወጋ ይተርፍ ነበር ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። አይተርፍም ነበርም አልልሽም።»

አዎ ብትለኝ በበሩ ሰውዬ እፈርድ ነበር። አይደለም ብትለኝ ለፈጣሪ እተወው ነበር። «አላውቅም» ስትለኝ ግን ንዴቴን የማሳርፍባት እህቴ ብቻ ቀረችልኝ። ልጇን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ክንዷ ይሄዳል። እህቴ ነቅታብኝ ኖሮ በጠራራ ፀሐይ እንኳ እጅጌው ረጅም ሹራብ ታለብሳት ጀመር።

«አውልቂላት፣ በላብ ታልቃለች» አልኳት አንድ ቀን።

«አንቺን እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«ብታለብሻትም ያው ነው» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ የሳንባው ክትባት ጤና ጣቢያም ይሰጥ ነበር፤ ለትክትክ የሚሆንም መጥቷል። እህቴ አብራኝ ሄደች። ነርሷ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ሌላ ቀን አለችኝ፤ እኔም ቀጠሮ ሳላጓድል ሁሉንም አስወጋኋት። ስንመለስ እህቴ «የእኔ ልጅ የትክትኩን እኮ አላገኘችም» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቅናት ሰማሁ። ደስ አለኝ።

ልጄ አደገች። የእህቴም ልጅ አደገች። የእህቴ ልጅ ጥርሷ ሲነቃነቅ የሞተው ልጄም ጥርስ በልቤ ይነቃነቃል። ትምህርት ቤት ስትገባ እሱንም አብሬ አስገባሁት። «እማማ» ብላ ስትስመኝ እስማታለሁ፤ እወዳታለሁ። ቅናቱ ግን እንዳለ ነው።