በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያገኘሁት ጨሌ

ልጄን አንድ ነገር እንደያዛት ያወቅሁት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሯ ላይ ቆሜ ስሰማ ነው። ክፍሏ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እሷ ግን ታወራለች። «ተሸነፍክ! አሁንም ተሸነፍክ። በል ቀዩን አምጣ» ትላለች። ከዚያ ደግሞ፣ «እሰይ የኔ ጎበዝ! እንካ፣ ጥቁር ጨመርኩልህ» ትላለች።

አማተብኩ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ስንኖር ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ያልረሳሁት እንደዚያ ፈርቼም፣ በፈራሁት ነገር እንደዚያ ስቄም ስለማላውቅ ነው። የቆጠርኩት ፊደል ጥቂት ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይለፈኝ።

ባለቤቴ ወታደር ነበር። ከሸዋ ወደ ሐረር ተዛውሮ እዚያው ቀረን። እሱ ጠረፍ ሲወርድ እኔና ልጄ አልማዝ ኤረር በር አጠገብ አባይ ዘሃራ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ሐረሮች ታላቅ ሴትን አባይ ብለው ያከብራሉ፤ እኔም ለምጄው ነበር። አልማዝ ሒሳብ ታስተምራለች። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

በበሩ ስንጥቅ አጮለቅሁ። ምንጣፉ ላይ የክብሪት ቀፎ በረድፍ ተደርድሯል። ከፊቷ ጠጠር ተኮልኩሏል። አንዱን ቀፎ ስባ ስትከፍት ያየሁት ጨሌ ነው። ቀይ ጨሌና ጥቁር ጨሌ።

አንገት ላይ ያለ ጨሌ ጌጥ ነው፣ አያስፈራም። በዕቃ ተደብቆ የሚቀመጥ፣ የሚነጋገሩት፣ ቀይ ጥቁር እየተባለ የሚገበርለት ጨሌ ግን ሌላ ነው። የባለቤቴ አክስት ይኸው ነበረባት። ባሏን ትታ፣ ከዘመድ ተለይታ፣ ከጨሌዋ ጋር ስታወራ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። በዘር ይወርዳል ይባላል። ቢጥሉት ይቆጣል ስለሚባል ጠራርጌ እሳት ውስጥ መጨመሩንም አልደፈርኩም። ልጄን እንዳያስቀርብኝ ብቻ ነበር ሐሳቤ።

በማግስቱ አልማዝ ትምህርት ቤት ስትሄድ አባይ ዘሃራን እየጎተትኩ አመጣኋቸው። ቀፎዎቹን አዩና፣ «ቢስሚላህ! ይሄ ጂን ከሆነ ድሃ ጂን ነው። ቤት አጥቶ በክብሪት ቀፎ ያደረ!» አሉ።

«አባይ፣ አይሳቁ። ይሰማል።»

«ይስማ! ግቢው የኔ ነው፤ ኪራይ ይክፈል።»

እኔ ግን ነጠላዬን አደግድጌ ተንበረከክሁ። ውቃቤ በክብር ካልለመኑት አይለቅም ሲባል ሰምቻለሁ። በአንድ እጄ መስቀሌን ጨብጬ፣ በሌላው ምንጣፉን ይዤ፣ «ጌታዬ፣ ምን ልስጥዎ? ነጭ ዶሮ ነው? ገብስማ ነው? ያሻዎትን ይንገሩኝ፤ ልጄን ብቻ ይልቀቁልኝ» አልኩ። መስቀሉንም ዶሮውንም አንድ ላይ ማቅረቤን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ።

«እማዬ፣ ከክብሪት ጋር ምን ታወሪያለሽ?»

አልማዝ ለምሳ ቀደም ብላ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«አንቺስ?» አልኳት።

አባይ ዘሃራ ሳቃቸውን በሻሻቸው አፈኑት።

የሰማሁትንና ያየሁትን ሁሉ እያለቀስኩ ነገርኳት። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ግድግዳውን ደግፋ ቁጭ አለች። «ጨሌውን ከገበያ የገዛሁት ስለሚያምርና ስለሚቆጠር ነው» አለች። ባሕር ማዶ ማሽን ጨዋታ እንዲማር የሚያደርጉ ሰዎች አሉ አለችኝ። ማሽን የሌለው ሰው በክብሪት ቀፎ ሊሠራው እንደሚችል መጽሔት ላይ አንብባ፣ ለተማሪዎቿ ልታሳይ እየሞከረች ኖሯል።

«ክብሪት ይማራል?» አሉ አባይ ዘሃራ።

«አብረን እንየው።»

ጨዋታው እንዲህ ነው። ጠጠር ተቆልሎ በየተራ አንድ ወይም ሁለት ይነሳል። የመጨረሻዋን ጠጠር ያነሳ ተሸነፈ። የክብሪቱ ተራ ሲደርስ፣ ስንት ጠጠር እንደቀረ ታይቶ፣ ክዳኑ ላይ ያን ያህል ነጥብ ያለበት ቀፎ ይከፈታል። ሳያዩ አንድ ጨሌ ያወጡለታል። ቀይ ከወጣ አንድ ጠጠር፣ ጥቁር ከወጣ ሁለት ይነሳለታል። አንድ ጠጠር ብቻ ከቀረለት ግን ቀፎ አይከፈትም፤ ያው ተሸንፏል። ሲሸነፍ በመጨረሻ የወጣችው ጨሌ ትወሰድበታለች። ሲያሸንፍ ደግሞ ያንኑ ዓይነት ይጨመርለታል። ቅጣቱና ሽልማቱ ይኸው ነው። እኔ በበሩ የሰማሁት ንግግርም ይኸው ነበር።

አልማዝ ምንም የማያውቅ ሆኖ እንዲጀምር ብላ በየቀፎው ቀይና ጥቁሩን እኩል አደረገችው። አባይ ዘሃራ ጨሌ አውጪ ሆኑ። እኔ ገጠምኩት።

አሸነፍኩት። ደግሜ አሸነፍኩት። ሁለት ጠጠር ቀርቶለት ሁለቱንም አፍሶ ሲሸነፍ ጊዜ ሞቅ አለኝ። «አንተን ብሎ ውቃቤ!» አልኩት፤ አንቱታውም ቀረ። ምሳው እስኪቀዘቅዝ ተጫወትን።

ኋላ ግን እየከበደኝ መጣ። ማፈሱን ተወ። መሳሳት አቆመ። ከዚያ አሸነፈኝ። ደግሞ አሸነፈኝ። ያን ጊዜ ፍርሃቴ እንደገና መጣ፤ በልቤ ያለውን የሚያውቅ መሰለኝ።

«ያስተማርሽው አንቺ ነሽ» አለች አልማዝ። «ባሸነፍሽው ቁጥር የተሳሳተበት ጨሌ ይወሰድበታል። የሚያዋጣው ብቻ ይቀራል።»

ይህን ብላ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። እኔ ግን ጭራሽ ባሰብኝ። ውቃቤውን በገዛ እጄ ቀለብኩት ማለት ነው?

አባይ ዘሃራ ቀፎውን እያገላበጡ፣ «የአልማዝ እናት፣ ጂን ሰው ያታልላል እንጂ በሰው አይታለልም» አሉ።

ይህን ጊዜ አንድ ተንኮል መጣልኝ።

«እናታልለዋ!»

ፍርዱን ገለበጥነው። ሲሸነፍ፣ «እሰይ! አንበሳ!» ብዬ ጨሌ ጨመርኩለት። አባይ ዘሃራ እልል አሉለት። ሲያሸንፍ፣ «ውርደት! ያባትህን ስም አጠፋህ!» ብለን ወሰድንበት። የምር መንፈስ ካለበት አይሞኝም፣ ይቆጣል ብዬ አንድ ዓይኔን በሩ ላይ አድርጌያለሁ፤ ለመሮጥ። አባይ ዘሃራ ግን እንደ ሙሽራ እናት ነው እልል የሚሉት፤ ጎረቤት ሰምታ፣ «ማን ተዳረ?» ብላ በግንቡ ላይ ጠየቀች።

«ክብሪት!» አሏት።

አልተቆጣም። አመነን። ፀሐይ ዘወር ስትል ሁለት ጠጠር ቀረለት። አንዷን ቢያነሳ አለቀልኝ። አባይ ዘሃራ ዓይናቸውን ጨፍነው ጨሌ አወጡ፤ ጥቁር። ሁለቱንም አፈሰ። «አንበሳ!» አልኩት። ደገምን፤ አሁንም አፈሰ። ሠለስን፤ አፈሰ። ቀፎውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፍኩት። አንድም ቀይ አልቀረም፤ ጥቁር ብቻ ነው።

«ወላሂ ይሄ ጂን አይደለም፤ የዋህ ነው» አሉ አባይ ዘሃራ።

የባለቤቴ አክስት ጨሌ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሊታለል? ያ መንፈስ ያልተሰጠውን የሚጠይቅ፣ የተሰጠውን የሚያማርጥ ነበር። ይሄ ግን የሰጠነውን ብቻ ነው የሚመልስልን። ተንኮል ስናስተምረው ተንኮል መሆኑን እንኳ አላወቀም። ምንጣፉ ላይ ተዘርግቼ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

አልማዝ ተመልሳ ሞከረችውና፣ «ምን አደረጋችሁብኝ? ተማሪዎቼ ፊት ምን ብዬ ላቀርበው ነው?» ብላ ጮኸች። አባይ ዘሃራ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ «እኔ እልል ከማለት በቀር ምንም አላደረግሁም» አሉ። አልማዝ ተኮሳትራ ልትቆይ ሞክራ አልቻለችም፤ ሳቀች። እንደ ወትሮዋ፣ አፍንጫዋን ሸብሸብ አድርጋ ነው የሳቀችው። ያቺን ሳቅ ሳይ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ።

እሷ ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ባሏንም ዘመዶቿንም አልተወችም። እኔም ልጆቿ ስለሚያስብ ማሽን ሲያወሩ ብሰማ አልደነግጥም፤ ማን እንዳስተማረው ብቻ እጠይቃለሁ። ልጄን ምንም አልያዛትም ነበር። ከዚያች ሰኞ በኋላ በሯ ላይ ቆሜ አዳምጬ አላውቅም።