ሳላስመዘግበው የቀረሁት ስም

ፓጁ በስልሳ ዓመት ሥራቸው ከመዳብ በቀረጹት በአንድም የአምላክ ምስል ላይ ስማቸውን ጽፈው አያውቁም። እኛ በሂማላያ ሥር ያለን የፓታን ሰዎች ፓጁ የምንለው የእናታችንን ወንድም ነው፤ የእኔ ፓጁ ፑንያ ራትና ሻክያ ይባሉ ነበር። ከሞቱ አራት ዓመታቸው ነው። ታሪካቸውን ሌላ ሰው ቢጽፈው ደስ ባለኝ ነበር፤ እኔ ስጽፈው የራሴን ጥፋት ሳልናገር ማለፍ አልችልምና።

በዘጠኝ ዓመታቸው ከአባታቸው ሥር ተቀምጠው ሰም ማድቦልቦል ጀመሩ፤ የመዳቡ ምስል መጀመሪያ የሚቀረጸው በሰም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት የሠሩት ጣት ብቻ ነው፤ በመቶ የሚቆጠር የአማልክት ጣት። ከዚያ ጆሮ፣ ከዚያ የሎተስ አበባ። ፊት እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ካገቡ በኋላ ነው። «መጀመሪያ የሠራኋት ሴት አምላክ፣ ታራ፣ ለምን ፊቷን እንዳኮሳተረች ማወቅ ከፈለግህ፣ እቤት ያለችውን እያት» ይሉ ነበር ሚስታቸውን ለማብሸቅ። ሚስታቸው ናኒ ማያም፣ እኛ ማልጁ የምንላቸው፣ ዝም የሚሉ ሴት አልነበሩም። «መልኬን በነጻ ስለወሰዱት ነው የተኮሳተርኩት!» ይሉ ነበር።

የፓጁ እጅ የሚታወቀው በታችኛው የዓይን ቆብ ነው። የእሳቸው ቡድሃ እንቅልፍ ሊወስደው ሲል በስሙ የጠሩት ሰው ይመስላል። በፓታን መዳብ የሚያቀልጥም ሆነ በወርቅ የሚለብጥ ሰው ሁሉ ያን ዓይን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ፊርማ አያስፈልግም ነበር። ደግሞም በእኛ ዘንድ በአምላክ እግር ሥር ስም መጻፍ ነውር ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚላቸው ሲያገኙ ፓጁ ይስቁ ነበር። «እኛ የምንቃጠል ሰዎች ነን። አመዳችንን ወንዙ ይወስደዋል፤ ታዲያ ስሙ ምን ላይ ሊውል ነው?» ይላሉ።

እኔ ከእጅ ሥራ የሸሸሁ ነኝ። ከፓታን ዶካ፣ ከአሮጌው የከተማ በር፣ አለፍ ብሎ አንድ ክፍል ቢሮ አለችኝ፤ እዚያ ለሰው ድረ ገጽ እሠራለሁ፣ የድረ ገጹን ስም መርጬም አስመዘግባለሁ። ደንበኛ ገብቶ ሳይቀመጥ ስብከቴን እጀምራለሁ። ስሙ አጭር ይሁን፤ በሚቆራረጥ ስልክ ለአክስትህ ነግረሃት አንዴ ሰምታ የምትጽፈው ዓይነት ይሁን። ሰረዝ አታብዛበት። ኤቨረስትንና ሂማላያን ተዋቸው፣ አገር ምድሩ ተሻምቷቸዋል። በራስህ ስም፣ በራስህ ኢሜይል አስመዝግበው፤ በእኔም ሆነ በአማችህ ስም እንዳይሆን። ዛሬ ባትጠቀምበትም ዛሬ ያዘው፤ ስም የሚሰጠው ለሚገባው ሳይሆን ቀድሞ ለመጣ ነውና። በአገራችን መለያ ፊደላት የሚያልቀው የድረ ገጽ ስምማ በነጻ ነው፤ አንድ ማመልከቻና የዜግነት ወረቀት ቅጂ ይበቃዋል። ይህን ለተራራ አስጎብኚውም ለጥርስ ሐኪሙም፣ በማሰሮ አቻር፣ የኮመጠጠ ማባያ፣ ለምትሸጠው ጎረቤቴም ሳይቀር ሰብኬዋለሁ። ሁሉም ሰምተውኛል።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የውጭ መጽሔት ነው። ጋዜጠኞች መጥተው ፓጁን ሲሠሩ ፎቶ አነሷቸው፤ ከፎቶው ሥር ስማቸው ታተመ። ሰው ያን ስም በኢንተርኔት መፈለግ ጀመረ፤ የሚያገኘው ግን ምንም አልነበረም። ይህ በእኔ ሙያ እንዴት እንደሚያሳክክ ሌላ ሰው አይገባውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሌሎች ሠሪዎች ጋር ወደሚኖሩበት ግቢ ሄድኩ። ፓጁ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አጠገባቸው የጎረቤት ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ።

«ፓጁ፣ በስምዎ ድረ ገጽ ልክፈትልዎ።»

«ምን ሊሆነኝ?»

«ሰው ስምዎን ሲጽፍ እርስዎን እንዲያገኝ ነዋ።»

«እኔን የፈለገ ይመጣል። በሬ ክፍት ነው፣ ማንኳኳትም የለበት።»

«ቶኪዮ ያለ ሰው እንዴት አድርጎ ይመጣል?»

«እንግዲያው አይቸኩላ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ማልጁ ከላይ በመስኮት ብቅ አሉና «ልጁ የሚለውን ይስሙት እንጂ! ሲያካብዱ!» አሉ።

ፓጁ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ስማ ባቡ፣ ስማኝ ልጄ፤ አባቴ ስሙን አልጻፈም። አያቴም አልጻፈም። ይሄ አምላክ የእገሌ ሥራ ነው ይባላል እንዴ? እኔ ማን ሆኜ ነው አገር በሚያየው ሰሌዳ ላይ ፑንያ ራትና፣ ፑንያ ራትና የምለው? የግድ መጻፍ ካለብህ የግቢውን ስም ጻፍ። ሁላችንም እንብላበት።»

ወርቅ ለባጩ ካጂ ማን ዓይኑን ከካርታው ሳይነቅል «እኛ ስንወለድ ስም በነጻ ነበር የሚወጣልን። አሁን የስም ደላላ መጣ ማለት ነው?» አለ።

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። የሌላው ሳቅ ምንም አልነበረም። ፓጁ ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ እሱ አንገበገበኝ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነበርኩ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እንደ ሕፃን ጆሮዬ ጋለ።

ቢሮዬ ተመልሼ «የግቢውን» ያሉትን ስም አስመዘገብኩ። የግቢው ስም፣ በእጅ የተሠራ፣ የመዳብ፣ ምስሎች፣ ሁሉም በሰረዝ ተቀጣጥለው። ያን ስም ለሰው በስልክ ሊነግሩ ቢሞክሩ ሻይ ይበርዳል። ለሌላ ሰው የማላደርገውን አውቄ፣ በቂም አደረግኩት። እንዲህ ዓይነት ስም ማንም እንደማያስታውሰው ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ የፓጁን ስም ጻፍኩና የያዘው ሰው እንዳለ ፈተሽኩ። የያዘው የለም። በዓለም አቀፉም በአገራችንም መለያ ክፍት ነው። የዜግነት ወረቀታቸው ቅጂ እንኳ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፤ የስልክ ቁጥር ሳወጣላቸው የቀረ። ድረ ገጽ መክፈት አይጠበቅብኝም፤ ሌላ እንዳይወስደው ይዤ ዝም ማለት ብቻ ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጣቴ ቁልፉ ላይ እያለ የካጂ ማን ቃልና የፓጁ ሳቅ ትዝ አለኝ። «ይበላቸው» አልኩና ዘጋሁት።

በኋላ ለዓመታት ራሴን ስሸነግል «የሽማግሌ ቃል አክብሬ ነው» እል ነበር። ውሸት ነው። አኩርፌ ነው።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን አንድ አስጎብኚ ደንበኛዬ ገብቶ «ራቢን፣ የአጎትህ ድረ ገጽ ግሩም ነው፤ ለእኔም እንደዚያ ሥራልኝ» አለኝ። የሰረዙን መስሎኝ ሊያሾፍብኝ ነው አልኩ። ከፍቶ ሲያሳየኝ አጭሩ ነው፤ የፓጁ ስም ብቻ። የመጽሔቱ ፎቶ ከላይ ተለጥፏል። ከሥሩ በረድፍ የተደረደሩ ምስሎች አሉ፤ ቡድሃ፣ ታራ፣ የዝናቡ አምላክ። አንዱንም ፓጁ አልነኩትም። በማሽን የወጡ፣ ዓይናቸው የደረቀ ነገሮች ናቸው። «እያንዳንዱ ሥራ ከሥሩ የታላቁ ጌታ ስም ተቀርጾበታል» ይላል ጽሑፉ።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ለባለቤቱ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ስሙን ላስመዘገበለት ድርጅት ጻፍኩ፤ ጉዳዩ በድረ ገጽ ስም ክርክር ለሚፈርዱ ዳኞች መቅረብ አለበት አሉኝ። አቀረብኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ዳኞቹ አንድ ነገር ጠየቁ፤ አጎትህ በዚህ ስም ሲነግዱ እንደነበር የሚያሳይ፣ ስማቸው ያረፈበት ሥራ ላክ አሉ። አንድ ብቻ። የፓጁ ሥራዎች የት የት እንዳሉ አውቃለሁ። በየገዳሙ ዞርኩ፣ የገዙትን ሰዎች ለመንኩ፣ የምስሎቹን ሥር እያነሳሁ አየሁ። አንዱም ላይ ፊደል የለም። በዓለም ላይ የፑንያ ራትናን ስም የተሸከሙት ምስሎች የሌባው ብቻ ነበሩ።

አቤቱታዬ ውድቅ ሆነ። ለፓጁ አልነገርኳቸውም። ኢንተርኔት አያዩም፣ የት ይሰማሉ አልኩ። በየቅዳሜው እየሄድኩ ከእሳቸው ጋር የተቀጠቀጠ ሩዝና ባቄላ እበላ ነበር፤ ፊታቸውን ግን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሳቸው ከሚስቴ ጋር የተጣላሁ መስሏቸው ይመክሩኝ ነበር።

ከዓመቱ ትልቅ በዓላችን በኋላ በነበረው ወር፣ አንዲት አሮጊት ከአንዲት አስጎብኚ ጋር ግቢው ገቡ። ማዳም ኮህ ይባላሉ፤ የመጡት ከማሌዥያ ነው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ፓጁ ምስል ሊያዙ የመጡ መስሏቸው ሻይ አስመጡ። ሴትዮዋ ከዘንቢላቸው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ሲፈቱት አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን ታራ ናት። ገና ሳያት ከሌባው ድረ ገጽ እንደተገዛች አወቅሁ።

አስጎብኚዋ እየተቀበለች ተረጎመች። ልጃቸው በሠላሳ ዓመቷ ሞታባቸዋለች። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ታላቅ ሠሪ ሲፈልጉ ኖረው ይህን ስም አገኙና ታራዋን ገዙ። ጠዋት ጠዋት ከፊቷ ውሃ ያስቀምጣሉ፣ መብራት ያበራሉ፣ ያወሯታል። «ፊቷ ልጄን ይመስላል ይላሉ። እንደዚህ ያለውን ፊት የሠራውን ሰው ሳላመሰግን አልሞትም ብዬ ነው የመጣሁት ይላሉ።»

ፓጁ ምስሏን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሯት። አውራ ጣታቸውን በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ አሳለፉ፤ ቆብ አልነበራትም። ከዚያ ገለበጧት። የውጭ ፊደል የሚያውቁት ስማቸውን ለማንበብ ያህል ነው። አነበቡት። በሕይወታቸው ስማቸውን በአምላክ እግር ሥር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እርስዎ ነዎት ወይ የሠሯት ይላሉ» አለች አስጎብኚዋ።

«ፓጁ፣ ይሄ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ጣታቸውን አነሱብኝ። አሮጊቷን አዩዋቸው። ሴትዮዋ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ደረታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«አዎ» አሉ ፓጁ። «እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ግንባራቸውን የፓጁ እጅ ላይ አሳረፉ፣ አለቀሱም። ፓጁ ለአስጎብኚዋ «ዓይኗ ላይ ትንሽ ሥራ ቀርቶኛል በይልኝ። ሻያቸውን እስኪጠጡ እጨርሰዋለሁ» አሏትና ትንሿን መሮ አነሱ። ብረቱ ስስ ነው፣ ብዙ አይነካም። አንድ ሰዓት ሙሉ ደከሙበት። መልሰው ሲሰጧቸው ሴትዮዋ ልዩነቱን አላዩትም፤ በደስታ ጠቅልለው ይዘዋት ሄዱ።

ግቢው ጭር ሲል ፓጁ ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት አሉ?»

«እኔ ያየኋቸው መቶ ይሆናሉ።»

«ሁሉም ላይ አለ?»

«አለ።»

«አንተ ያን ቀን ስትለኝ የነበረው ይሄን ነው?»

«አዎ፣ ፓጁ።» ከዚያ የቀረውን ዘረገፍኩት። ስሙ በዚያው ቀን ክፍት እንደነበር፣ እጄ ቁልፉ ላይ እንደነበር፣ እንደዘጋሁት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መኮረፌን ብቻ ዋጥኩት።

«ብዙ ጊዜ ይፈጃል እንዴ?» አሉ።

«አምስት ደቂቃ።»

የመሮዋን ጫፍ በሱሪያቸው ጠረጉ፤ ንጹሕ ነበረች፣ ደግመው ጠረጓት።

«ታዲያ ምናለ ሳትነግረኝ ብታደርገው?»

«ይቆጡኛል ብዬ» አልኩ። እሱም ውሸት ነበር።

«እቆጣህ ነበር» አሉ ፓጁ። «ሁለት ቀን።»

እስኪሞቱ ድረስ ሌሎች አራት ሰዎች ያንኑ ዓይነት ምስል ይዘው መጡ። አራቱንም «አዎ፣ የእኔ ነው» እያሉ ተቀበሏቸው፣ የምስሎቹንም ዓይን እስከቻሉት ድረስ አቀኑላቸው። እሳቸው ራሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ የአንድም አዲስ ምስል ፊት አልሠሩም።